በታይላንድ የቴሌቪዥን ድራማዎች ወሲባዊ ጥቃትን እንደ ፍቅር የማቅረብ ልማድ

ታይላንድ ውስጥ «ላኮን» ተብለው በሚጠሩት የቴሌቪዥን ድራማዎች፣ ዋናው ወንድ ገጸ ባሕርይ ዋናዋን ሴት ያለ ፈቃዷ ሲስማት፣ ሲጠልፋት ወይም ሲደፍራት ድርጊቱ እንደ ወንጀል ሳይሆን እንደ ፍቅር ጅማሬ የሚቀርብበት የቆየ ልማድ አለ። ደፋሪው ኋላ ይጸጸታል፤ ተደፋሪዋ ይቅር ትላለች፤ ታሪኩም ብዙውን ጊዜ በሠርግ ይዘጋል። ልማዱ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እምብዛም ሳይነካ የቆየ ሲሆን ከ2014 ወዲህ ግን ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ላኮን ምንድን ነው

ላኮን በታይኛ ተውኔት ማለት ነው፤ በዕለት ንግግር ግን ሰው ቃሉን የሚጠቀምበት ከምሽት ዜና በኋላ ለሚታየው ተከታታይ ድራማ ነው። ማለቂያ እንደሌላቸው የአሜሪካ የቀን ድራማዎች ሳይሆን ላኮን በጥቂት ወራት ውስጥ ተጀምሮ ያልቃል። ቻናል 3 ሳምንቱን ከፋፍሎ ሰኞና ማክሰኞ አንድ ታሪክ፣ ረቡዕና ሐሙስ ሌላ፣ ከዓርብ እስከ እሑድ ደግሞ ሦስተኛ ታሪክ ማሳየትን ልማድ አድርጓል። በ2014 አገሪቱ ወደ ዲጂታል ስርጭት ተሸጋግራ አዳዲስ ጣቢያዎች እስኪከፈቱ ድረስ ገበያው በአብዛኛው በቻናል 3 እና በቻናል 7 እጅ ነበር።

የገጸ ባሕርያቱ ቦታ አስቀድሞ የታወቀ ነው። «ፕራ ኤክ» ዋናው ወንድ ነው፤ መልከ መልካም፣ ብዙውን ጊዜ ባለጸጋ፣ ቁጡና ልቡ የተጎዳ። «ናንግ ኤክ» ዋናዋ ሴት ናት፤ ታጋሽ፣ ጨዋና ድንግል። «ናንግ ራይ» ደግሞ ክፉዋ ሴት ናት፤ ጮክ ብላ ትናገራለች፣ ወንዱን እንደምትፈልገው አትደብቅም፣ መጨረሻዋም አያምርም። ተመልካቹ እነዚህን ሦስቱን በመጀመሪያው ክፍል፣ ከልብሳቸውና ከድምፃቸው ብቻ ይለያቸዋል።

የድራማዎቹ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። አንድ ተወዳጅ ልብ ወለድ መጀመሪያ ፊልም ይሆናል፣ ቀጥሎ ድራማ፣ ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ በአዳዲስ ተዋንያን እንደገና ይሠራል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተጻፈ የጋብቻና የክብር አስተሳሰብ በዛሬ መኪናና በዛሬ ልብስ ተሸፍኖ ሳሎን የሚገባው በዚህ መንገድ ነው።

«ፕላም» እና «ኮምኩን»

ጉዳዩን ለመረዳት ሁለት የታይኛ ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። «ኮምኩን» አስገድዶ መድፈር ማለት ነው፤ የሕጉም የዜናውም ቃል ነው። «ፕላም» ደግሞ በቀጥታ ትርጉሙ መታገል፣ ትግል ገጥሞ መጣል ማለት ሲሆን በድራማ ወሬ ውስጥ ፕራ ኤክ በናንግ ኤክ ላይ በኃይል የሚያደርገውን ሁሉ የሚሸፍን ቃል ሆኗል። ድርጊቱ አንድ ሆኖ ሳለ መጥፎው ሰው ሲፈጽመው ኮምኩን፣ ጀግናው ሲፈጽመው ፕላም ይባላል። በድራማ ጋዜጦችና በማስታወቂያዎች ዘንድ ፕላም የሚያጓጓ ነገር ነው፤ በየትኛው ክፍል እንደሚመጣ ቀድሞ ይወራለታል።

ከዚህ ጋር «ቶፕ ቹፕ» የሚል የዘውግ መጠሪያም አለ። ትርጉሙ «ጥፊና መሳም» ነው። እሷ በጥፊ ትመታዋለች፣ እሱ በግድ ይስማታል፣ እንደገና ትመታዋለች፣ እንደገና ይስማታል፤ በመጨረሻ እጇ ይዝላል። ተቃውሞዋ የፍቅር ትግል አካል ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ «አይሆንም» የሚለው ቃል በዚህ ዘውግ ውስጥ ትርጉሙን አጥቷል ማለት ይቻላል።

የጥቃቱ ትርጉም የሚወሰነው በፈጻሚው ማንነት ስለሆነ፣ በአንድ ድራማ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። ባለጌው ወንድ ናንግ ኤክን ሊደፍር ሲል ጀግናው በሩን ሰብሮ ይደርስላታል፤ ከጥቂት ክፍሎች በኋላ ያው አዳኝ ራሱ በቅናት ሰክሮ ያንኑ ያደርጋል። በሌላ በኩል ናንግ ራይ በመጨረሻ በወንዶች እጅ ስትወድቅ ጥቃቱ እንደ ካርማ፣ የሥራዋን እንዳገኘች ተደርጎ ይታያል። እንግዲህ አንዱ ድርጊት ለጨዋዋ የፍቅር መግቢያ፣ ለክፉዋ ደግሞ ቅጣት ይሆናል። ወንጀል የሚሆነው ከሁለቱም ውጭ ሲቀር ብቻ ነው።

ልማዱ ለምን ጸና

ቀላሉ መልስ «ተመልካች ስለሚወደው» የሚል ነው፤ አዘጋጆች ሲጠየቁ ይህንኑ ሲሉ ይሰማሉ። ነገር ግን ልማዱ ለታሪክ ሠሪው አንድ ችግር ስለሚፈታለት ጭምር ነው የጸናው።

በታይላንድ ለልጃገረዶች ሲነገር የኖረ «ራክ ኑዋን ሳንጉዋን ቱዋ» የሚባል ምክር አለ፤ ክብርሽን ውደጂ፣ ራስሽን ጠብቂ እንደማለት ነው። ድንግልናን ማጣት ደግሞ «ሲያ ቱዋ» ይባላል፣ ቃል በቃል ገላን ማጣት ወይም ገላ መበላሸት። ናንግ ኤክ ጨዋ መሆን ስላለባት ወንዱን መፈለጓን ልትገልጽ አትችልም፤ ብትገልጽ ናንግ ራይ ትሆናለች። ታሪኩ ግን የፍቅር ታሪክ ነውና ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ መገናኘት አለባቸው። ጨዋ ሴት እሺ ማለት ካልተፈቀደላት ያለ እሺታዋ መሆን አለበት፤ የድራማው መፍትሔ ይህ ነው። በኃይል ሲሆንባት ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ ጨዋነቷም አይጎድልም። የተመልካቿም ሕሊና አይወቅሳትም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው «ራፕ ፒት ቾፕ» ነው፤ ኃላፊነት መውሰድ። ወንዱ «ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ካለ፣ ማለትም ካገባት፣ ጉዳዩ ተዘጋ። ቃሉ በተራው ኑሮ የከበረ ቃል ነው፤ በድራማው ውስጥ ግን ከፖሊስ ጣቢያና ከፍርድ ቤት ይልቅ ወደ ሠርግ አዳራሽ ይመራል። እናቶችና አያቶችም በታሪኩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቃቸው ልጅቷ ተጎዳች ወይ የሚለው ሳይሆን ሰውየው ያገባታል ወይ የሚለው ነው።

ይህን ሴቶችን የሚንቁ ወንዶች የፈጠሩት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። የታወቁት ልብ ወለዶች ደራሲዎች በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ዋናዎቹ ተመልካቾችም ሴቶች ናቸው። ኃይለኛውና ክፉው ወንድ በመጨረሻ በሷ ፊት ተንበርክኮ ሲያለቅስ ማየት፣ በእውነተኛው ኑሮ ይቅርታ ጠይቋት የማያውቅ ሰው ላላት ሴት የራሱ እርካታ አለው። የዋጋው ውድነት ግን አይካድም፤ ያ እንባ እንዲመጣ አስቀድማ መደፈር አለባት።

ታዋቂ ምሳሌዎች

በዚህ ረገድ ደጋግሞ የሚጠቀሰው «ሳዋን ቢያንግ» ነው። ደራሲዋ ክሪሳና አሶክሲን በአገሯ ትልቅ ክብር ያላት ጸሐፊ ናት። በ2008 ቻናል 3 ያቀረበው ቅጂ ኬን ቲራዴትና አን ቶንግፕራሶም የተወኑበት ነው። ካዊ የተባለው ወጣት የአባቱን አዲስ ሚስት ይጠላል፤ ጥላቻውን በሚስቲቱ እህት በሊላ ላይ ይወጣና ይደፍራታል። የቀሩት ክፍሎች የሱን ጸጸት ይከተላሉ፤ ሁለቱም በመጨረሻ አብረው ይሆናሉ። ድራማው እጅግ ተወዳጅ ነበር፤ ዛሬም ከምርጥ የፍቅር ድራማዎች ተርታ የሚያስቀምጡት አድናቂዎች አሉት። የኬን አተዋወን በእርግጥ ጥሩ ነው፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል፤ ካሜራው ሥቃይዋን ትቶ የሱን ፊት ሲከተል ተመልካቹም አብሮ ይከተላል።

በዚያው ዓመት ቻናል 3 «ቻምሎይ ራክ»ን አሳየ፤ የፍቅር ተከሳሽ ማለት ነው። ሃሪት ወንድሙን ለጉዳት ዳርጋለች ብሎ ያሰባትን ሴት ሊበቀል ይነሣና በስህተት የአጎቷን ልጅ ሶራያን ጠልፎ ወደ ደሴት ይወስዳታል። እንደ እስረኛ ያሠራታል፣ ያንገላታታል፤ ፍቅሩም የሚያድገው እዚያው ነው። ታሪኩ ውስጥ የሚያስጸጽተው ነገር የተሳሳተችውን ሴት መጥለፉ ነው። ትክክለኛዋን ቢጠልፍ ኖሮ ምን ሊባል ነበር የሚለውን ጥያቄ ታሪኩ አያነሣም።

ጉዳዩ በቀላል ድራማዎች ብቻ የታጠረም አይደለም። የቶምያንቲ «ኩ ካም» በታይላንድ ከሚታወቁት ልብ ወለዶች ሁሉ ግንባር ቀደም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንግሱማሊን የተባለች ታይላንዳዊት ተማሪና ኮቦሪ የተባለ ጃፓናዊ መኮንን በፖለቲካ ምክንያት ይጋባሉ። እሷ አትቀበለውም፤ እሱም አንድ ሌሊት ሰክሮ በኃይል ይገናኛታል፤ ታረግዛለች። የምትወደው መሆኑን የምትነግረው በቦምብ ድብደባ ተመትቶ ሲሞት ነው። በ1990 ቻናል 7 ላይ ዘፋኙ ቶንግቻይ ማኪንታየር ኮቦሪን ሆኖ ሲጫወት ድራማው በአገሪቱ ቴሌቪዥን ታሪክ ከታዩት ትልልቅ ስኬቶች አንዱ ሆነ። ኮቦሪ እስከ ዛሬ የታማኝ አፍቃሪ ምሳሌ ነው፤ ያቺን ሌሊት የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የቆየ ሥር

በቆየው የታይ ሥነ ጽሑፍም ጀግና ሴት መጥለፉ ነውር አልነበረም። ንጉሥ ራማ ሁለተኛ በጻፉት «ኢናኦ» ውስጥ መስፍኑ ቡሳባን ሌላ ሰው ሊያገባት ሲል ከተማውን አሳቅጦ፣ ራሱን ለውጦ ገብቶ ወደ ዋሻ ይሰውራታል። በ«ኩን ቻንግ ኩን ፔን» ዋንቶንግ በሁለት ወንዶች መካከል ስትጎተት ኖራ፣ ንጉሡ ማንን ትመርጫለሽ ሲሏት መልስ ባለመስጠቷ በሞት የተቀጣችው እሷ ናት።

በእነዚህ የግጥም ሥራዎች ውስጥ የሩካቤ ጊዜ ሲደርስ ገጣሚው «ቦት አትሳቻን» ወደሚባለው ይሻገራል፤ ዐውሎ ነፋስ ይነሣል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ንብ አበባ ላይ ያርፋል። ነገሩ በስሙ አይጠራም። ቴሌቪዥን ይህን ልማድ በራሱ መንገድ ወርሷል። እሷ ስትጮህ ካሜራው ወደ መብራቱ ወይም ወደ መጋረጃው ይዞራል፤ ቀጥሎ የምናየው ማለዳና አልጋ ላይ የምታለቅስ ሴት ነው። «ካሜራው ወደ መብራቱ ዞረ» የሚለው አባባል ለታይላንዳውያን የታወቀ ቀልድ ሆኗል። መብራቱ የጨዋነት ምልክት ይመስላል፤ የሚሸፍነው ግን እርቃንን ብቻ ሳይሆን በሁለቱ ትዕይንቶች መካከል የተፈጸመውን ወንጀል ጭምር ነው።

ልማዱ የታይላንድ ብቻ እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል። በአሜሪካው «ጄኔራል ሆስፒታል» ድራማ ሉክ የተባለው ገጸ ባሕርይ በ1979 ሎራን ደፈራት፤ በ1981 ሲጋቡ 30 ሚሊዮን ያህል ሰው ሠርጋቸውን ተመለከተ። ድራማው ራሱ ያን ድርጊት በግልጽ መድፈር ብሎ መልሶ ያነሣው በ1998 ነው።

ሕጉና ተቆጣጣሪው

የታይላንድ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 276 እስከ 2007 ድረስ የሚቀጣው «ሚስቱ ያልሆነችን ሴት» የደፈረን ወንድ ነበር። በ2007 ማሻሻያ ይህ ሐረግ ወጣ፤ ተጠቂውም ወንድ ሆነ ሴት «ሌላ ሰው» ተባለ። «ሳዋን ቢያንግ» የታየው በዓመቱ ነው። በሌላ በኩል ጥቃቱ በአደባባይ ካልተፈጸመና ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ካላስከተለ፣ ክስ የሚመሠረተው ተበዳይዋ አቤት ስትል ብቻ ነበር፤ አቤቱታውም በ3 ወር ውስጥ መቅረብ ነበረበት፣ በስምምነትም ሊዘጋ ይችል ነበር። ይህ መንገድ በ2019 እንዲጠብ ተደርጓል። ለብዙ ዓመታት ግን ድራማው የሚያሳየው «ተስማምተው ጨረሱት» የሚለው መጨረሻ ከሕጉ ያን ያህል የራቀ አልነበረም።

ስርጭትን በተመለከተ፣ የ2008 የብሮድካስት ሕግ አንቀጽ 37 የመንግሥትን ሥርዓት፣ ጸጥታንና መልካም ሥነ ምግባርን የሚጻረር ይዘት ይከለክላል። ድራማዎች ከመታየታቸው በፊት የዕድሜ ደረጃ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ከ13 ዓመት በላይ ወይም ከ18 ዓመት በላይ የሚሉት ዘወትር የሚታዩ ናቸው። ምልክቱ ጥቃቱን ለአዋቂ ብቻ ያደርገዋል እንጂ እንዴት እንደተተረከ አይጠይቅም።

ሥልጣኑ አልጎደለም። በጥር 2013 «ኑዋ ሜክ 2» የተባለው የቻናል 3 ድራማ የሙስና ፖለቲከኞችን ታሪክ ሲተርክ ሳያልቅ ድንገት ከስርጭት ወረደ፤ ጣቢያው ይዘቱ ተገቢ አለመሆኑን በመጥቀስ አንቀጽ 37ን አነሣ። በ2008 ደግሞ የበረራ አስተናጋጆች «ሶንግክራም ናንግ ፋ» የተባለው ድራማ አጭር ቀሚስ ለብሰን በወንድ የምንደባደብ አድርጎ አቀረበን ብለው ሲያማርሩ መንግሥት ጣልቃ ገብቷል። ጀግናው ናንግ ኤክን የሚደፍርባቸው ድራማዎች ግን በሰላም ሲተላለፉ ኖረዋል።

የ2014 ተቃውሞ

በሐምሌ 2014 መጀመሪያ ወደ ባንኮክ በሚጓዝ የሌሊት ባቡር ላይ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተደፍራ ተገደለች፤ ድርጊቱን የፈጸመው የባቡሩ ሠራተኛ ነበር። አገሩ በቁጣ ተነሣ። የመጀመሪያው ጥያቄ ደፋሪ ሁሉ በሞት ይቀጣ የሚል ነበር፤ የባቡር ድርጅቱም ለሴቶችና ለልጆች የተለየ ፉርጎ አዘጋጀ። ከቁጣው ጋር ግን ሌላ ጥያቄ መጣ፤ በቀን የደፈረን ሰው ይሰቀል የምንል ሰዎች ማታ ማታ ደፋሪውን ለምን እናፈቅረዋለን?

በቼንጅ ዶት ኦርግ ድረ ገጽ የተከፈተ አቤቱታ ጣቢያዎቹና ተቆጣጣሪው ኮሚሽን መድፈርን እንደ ፍቅር የሚያሳዩ ትዕይንቶችን እንዲያቆሙ ጠየቀ፤ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ፈረሙ። ጉዳዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሴቶች መብት ተሟጋቾችና ከዩኒቨርሲቲ አዳራሾች ወጥቶ በውጭ ዜና ወኪሎች ጭምር ተዘገበ።

የአዘጋጆቹ መከላከያ ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው ድራማ የኅብረተሰቡ መስተዋት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ተመልካች ሞኝ አይደለም፣ ልብ ወለድን ከእውነት ይለያል የሚል ነው። ሁለተኛው ክርክር ክብደት አለው፤ ድራማ ያየ ሁሉ ወጥቶ አይደፍርም፣ በቀጥታ እንዲህ ያደርጋል ማለትም አይቻልም። ተቃዋሚዎቹ የሚሉት ግን ሌላ ነው። በባሏ፣ በእጮኛዋ ወይም በምታውቀው ሰው የተደፈረች ሴት የደረሰባትን ነገር የምትጠራበት ቃል ያስፈልጋታል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያየችው ድራማ ለዚያ ነገር የሰጣት ቃል «ፕላም»፣ ትርጓሜው ደግሞ «በጣም ይወድሻል» ከሆነ፣ አቤት ለማለት የሚያስችላት ቃል አስቀድሞ ተወስዶባታል። ከሳሽዋን የሚሰማው ፖሊስና ጎረቤትም ያንኑ ድራማ ነው ያየው።

ለውጦች

በ2013 የተጀመረው «ሆርሞንስ» የተባለው የወጣቶች ድራማ ስፕራይት የምትባል ተማሪ አቀረበ፤ በራሷ ፍላጎት የወሲብ ግንኙነት ታደርጋለች፣ ኮንዶም ካልተደረገ ግን እምቢ ትላለች። ይህ ይዘት ተቆጣጣሪውን ኮሚሽን ሳይቀር አነጋግሯል። የምትፈልግ ልጅ ከምትደፈር ልጅ ይልቅ አስደንጋጭ ሆና ተገኘች።

በ2017 ዋን 31 በተባለው ጣቢያ ላይ እንደገና የተሠራው «ላ» ከልማዱ ተቃራኒ ነው። ታሪኩ የቶምያንቲ ነው፤ የ«ኩ ካም»ን ደራሲ። እናትና ልጅ በወንዶች ቡድን ይደፈራሉ፣ ሕጉ አያስክሳቸውም፣ እናቲቱ አንድ በአንድ ትበቀላለች። በላሊታ ፓንዮፓስ የተተወነችው እናት ከጥቃቱ በኋላ ያለውን ሕይወት፣ የልጅቷን አእምሮ መናወጥ ጭምር፣ ተመልካቹ ፊት ታቆማለች፤ ካሜራው ወደ መብራቱ አይዞርም። አንዲት ደራሲ ሁለቱንም መጻፏ፣ ጥቃቱ የሚለካው በአጥቂው ማንነት ነው የሚለውን ከማንኛውም ምሳሌ በላይ ያሳያል።

በ2018 «ቡፔሳኒዋት» በቻናል 3 ሲታይ መንገዶች ጭር አሉ ተባለ። ዋናዋ ሴት ወደ አዩትያ ዘመን የሄደች የዛሬ ሰው ናት፤ ትጠይቃለች፣ ትበላለች፣ ትስቃለች፤ ወንዱም ሳይደፍራት ይወዳታል። ያለ መድፈር ተመልካች አይመጣም የሚለው ክርክር ከዚህ በኋላ ለማቅረብ ከባድ ሆኗል። በዚያው ዓመት የጀመረው «ገርል ፍሮም ኖዌር» በመጀመሪያው ክፍሉ ተማሪዎችን የሚያጠቃ መምህርን ታሪክ አነሣ። በ2021 ደግሞ «ዋንቶንግ» የድሮውን ታሪክ በሴቲቱ ዓይን ተረከው።

በወንዶች የፍቅር ድራማዎች ውስጥ

ልማዱ ከአንድ በር ሲወጣ በሌላ በር ገብቷል የሚሉ አሉ። ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በእስያና ከእስያም ውጭ ተመልካች ያገኙት የሁለት ወንዶች የፍቅር ድራማዎች መነሻቸው ብዙ ጊዜ የኢንተርኔት ልብ ወለድ ነው፤ በውስጣቸውም የድሮው ላኮን ይሰማል። በ2019 በ«ታርንታይፕ» ውስጥ ታይፕ በልጅነቱ ጥቃት የደረሰበት ወጣት ነው፤ አብሮት የሚኖረው ታርን በተኛበት ይነካዋል፣ ይስመዋል፤ ከዚያም ጥንዶች ይሆናሉ። በ2022 «ኪንፖርሽ» ውስጥ ፖርሽ አፍዛዥ መድኃኒት ጠጥቶ ባለበት ሁኔታ ኪን ይገናኘዋል፤ ቬጋስ የተባለው ደግሞ ፒትን አስሮ ካሠቃየው በኋላ ፍቅረኛሞች ይሆናሉ። ጀግናዋ ድንግል ሴት ባትሆንም አካሄዱ ያው ነው።

ልዩነቱ ያለው በተመልካቹ ዘንድ ነው። እነዚህ ድራማዎች ገና በመታየት ላይ ሳሉ ወጣት አድናቂዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ፈቃድ ነበረ ወይስ አልነበረም ብለው ትዕይንት በትዕይንት ይከራከራሉ። የሚጠቀሙበትም ቃል ፕላም ሳይሆን ኮምኩን ነው።